ከወንጂ ያመጣነው ቤዝ

የሽንኩርት ወቅት ሲደርስ ሰውነቴ የእኔ አይሆንም። ከመቂና ከዓለም ጤና የተቃጠሉ የውሃ ፓምፖች በአይሱዙ ተጭነው አዳማ ወዳለው ጋራዤ ይመጣሉ። የማይመጡትን ማሳው ድረስ ሄጄ እፈታቸዋለሁ። ውሃ የተቋረጠበትን ገበሬ ነገ ና ብትለው አይሰማህም፤ እውነትም አለው። ልጄ የቤዝ ጊታሩን ጉዳይ ያነሳችብኝ እንዲህ ባለ ሳምንት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እንደተዘረጋሁ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በአዘቦት ቀን ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላንጋኖ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ከሚጫወት ባንድ ጋር ቤዝ ትመታለች። ሰው እየጠጣ በሚንጫጫበት ቤት ሴት ልጄ እንድትቆም አልፈልግም ነበር፤ ይህንንም እስኪሰለቻት ነግሬአታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ ሰምቻት አላውቅም። እስከዚያ ጊዜ የምትጫወትበት ጊታር የባንዱ አለቃ ነበር፤ እሱም ሸጠው። እስከ ሁለት ሳምንት የራስሽን ካላመጣሽ የራሱ ያለው ሰው እተካለሁ ብሏታል። ስታጠራቅም ዓመት አልፏታልና ገንዘቡ ነበራት። ከእኔ የፈለገችው እሁድ አብሬያት ሱቅ እንድሄድ ብቻ ነበር።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ሞተር መጠቅለል ያስተማረኝ ሰው የለም። የተቃጠለውን እየፈታሁ፣ የመዳብ ሽቦውን ዙር በደብተር እየጻፍኩ፣ መልሼ እየጠቀለልኩ ለመድኩት። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል ያወጣል። አንድ ነገር ሲያውቅ ሌላውንም ያወቀ ይመስለዋል። ይህን ዛሬ ነው የምጽፈው፤ ያን እሁድ ግን አላውቀውም ነበር።

ሱቁ ውስጥ አዲስ ጥቁር ቤዝ ተሰቅሏል። ልጄ አወረደችው፣ ጥቂት መታችው፣ ፊቷ በራ። እኔ ተቀብዬ ከፍ ዝቅ አደረግኩት። ቀለለኝ። በእኔ ሥራ የቀለለ ሞተር መዳቡ የተሰረቀ ሞተር ነው። እንጨቱን በጣቴ አንኳኳሁት፣ ገለበጥኩት፣ እንደገና መዘንኩት። ባለ ሱቁ ወጣት እያየኝ ቆየና፣

“አባት፣ በኪሎ ነው እንዴ የሚገዙት?” አለኝ።

ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ወደ በሩ ዞረች። እኔ አየኋት። ያገለገለ ሳናይ አንገዛም ብዬ ወጣሁ።

ወንጂ አንድ ጡረተኛ እንዳሉ ከደንበኞቼ አንዱ ነግሮኝ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ከሸንኮራ መፍጫው ጋር የጨረሱ፣ በሠራተኞች ሰርግ ላይ ቤዝ ይመቱ የነበሩ ሰው ናቸው። በማግስቱ ከሥራ መልስ በባጃጅ ሄድን። አዛውንቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀብለውን በአንሶላ የተጠቀለለውን ጊታር ከአልጋ ሥር አወጡ። የጃፓን ሥሪት ነው፤ ቀለሙ በክንድ መተሻሸት አልቆ እንጨቱ ይታያል። ሳነሳው ክብደቱ ደስ አለኝ።

ካቻቢቴዬን ከኪሴ አውጥቼ ጫፉን እንጨቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ልጄን ምቺ አልኳት። እኛ የሚሠራ ሞተር ውስጥ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ የምንሰማው እንዲህ ነው፤ የተበላ ከሆነ ይንገጫገጫል። ድምፁ ጠርቶ መጣ።

“ሐኪም ይዘሽብኝ መጣሽ” አሏት አዛውንቱ።

ብዙ መታች። ከዚያ ግራ እጇን አራገፈች። ድምፁን እንደወደደችው፣ አንገቱ ግን ስለጎበጠ ክሮቹ ከፍ ማለታቸውንና ጣቷን እንደሚያደክሟት ተናገረች። አዛውንቱ አልደበቁም። አንገቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ቀጭን ብረት እንዳለ፣ እሱ ሲጠብቅ አንገቱ እንደሚቃና፣ ነገር ግን ስላረጀ እሳቸው ለዓመታት እንዳልነኩት ነገሩን።

“ብትነኩትም ቀስ ብላችሁ ነው። ጥቂት አዙሮ መተው” አሉ።

“ይስተካከላል” አልኳቸው። ለእሷ ደግሞ “እጅ ይለምዳል፤ የሚያደክም ሁሉ መጥፎ አይደለም” አልኳት።

ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ከእኔ ጋር ክርክር የምትጨርሰው በዝምታ ነው። ገንዘቡን ቆጥራ ከፈለች።

ያን ያደረግኩት ለገንዘቧ ስለተጨነቅኩ አይደለም። ለዓመታት ሳጥላላው በኖርኩት ሥራዋ ውስጥ እኔም የማውቀው ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነው። አዲሱን ብትገዛ ለእኔ ቦታ አይኖርም። አሮጌው ግን አሮጌ ዕቃ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ደግሞ የእኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች ከሥራ ስንገባ፣ እኔ እግሬን እሷ እጇን ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ ነክረን ተቀምጠናል። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ገባ።

ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ጋራዡ ሥራ ፈታ። እሷ ማተሚያ ቤት ናት። ቤት ገብቼ ጊታሩን ከአንሶላው አወጣሁና ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትቼ ብረቱን አገኘሁት። በልኩ ቁልፍ ፈልጌ ሩብ ዙር አዞርኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የሞተር ዘንግ እንደማይ አንገቱን አየሁት። በእርግጥ ተሻሽሏል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሌላ ሩብ ጨመርኩ። ከዚያ እምቢ አለ። ፓምፕ ላይ እምቢ ያለ ብሎን የዛገ ነው፤ ጉልበት ትጨምርለታለህ። ጨመርኩለት። ውስጡ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ፤ ቁልፉም እንደ ልቡ መዞር ጀመረ። ብሎን ሲፈታ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ብረቱ ተበጥሷል። ክሮቹ አንገቱን ስበው መልሰው ሲያጎብጡት በዓይኔ አየሁ።

አንሶላው ውስጥ መልሼ ዝም ልበል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያረጀ ብረት ነው፣ በራሱ ተበጠሰ ብላት ታምነኛለች። ከዚህ ሐሳብ ጋር ቁጭ ብዬ የቆየሁት አጭር ጊዜ አልነበረም፤ አልዋሽም። ልጆቼን ያሳደግኩት ያበላሸ ሰው ሳይጠየቅ ይናገር እያልኩ ነው። ዕቃ የሰበረውን ሳይሆን የደበቀውን ነበር የምቀጣው። በመጨረሻ ተነስቼ ማተሚያ ቤቷ ሄድኩ። ከዚያ በፊት በበሩ አልፌ አላውቅም። ስታየኝ ሰው የሞተ መስሏት ደንግጣ ወጣች።

“ሰበርኩት” አልኳት።

“ምኑን?”

“የአንገቱን ብረት። ላስተካክልልሽ ብዬ።”

“ስንት ዙር አዞርከው?”

“ሩብ። ከዚያ ሌላ ሩብ። ከዚያ በጉልበት።”

“የመጀመሪያው ሩብ ይበቃው ነበር፣ አባዬ። ከዚያ ክሩን አላልቶ አንድ ቀን መተው ነው። ዛሬ ማታ ላደርገው ነበር፤ ቁልፉንም ተውሼአለሁ።” ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ።

“ማን አስተማረሽ?”

“ማንም። እያየሁ፣ እየጻፍኩ ነው።”

የባንዱ አለቃ የሰጣት ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ቅዳሜ ነው። ልትቆጣ ይገባት ነበር፤ ግን ለመቆጣትም ደክሟት ነበር። ሥራ ይዣለሁ ብላ ገባች።

ጋራዡ ውስጥ ጠግኜ ለራሴ ያስቀመጥኩት አንድ ፓምፕ ነበረኝ። አንድ የዓለም ጤና ገበሬ ሽጥልኝ እያለ ሲለምነኝ ከርሟል። ዓርብ ጠርቼ ሸጥኩለት። ሳይጠይቀኝ ጉድለቱን ሁሉ ዘረዘርኩለት፤ የትኛው ጎኑ እንደሚሞቅ፣ የትኛው ብሎን መነካት እንደሌለበት። ሰውየው የማልሸጥለት መስሎት ግራ ገባው።

ቅዳሜ ጠዋት የፓምፑን ገንዘብ ከተረፋት ጋር ደምረን ያው ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቁ አወቀኝ፤ አልቀለደም። ልጄ ጥቁሩን አውርዳ መታች፣ አቆመች፣ ደግማ መታች።

“እንዴት ነው፣ አባዬ?” አለችኝ።

ካቻቢቴው ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አላስገባሁም።

“አላውቅም። ለእጅሽ እንዴት ነው?”

ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች። “ድምፁ የዚያኛውን አያክልም። እጄን ግን አያደክመኝም።”

“እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።”

አፌን ዘግቼ ቆሜ መጠበቅ የሰባት ፓምፕ ያህል አደከመኝ። ከዚያ እወስደዋለሁ አለች።

ወደ ላንጋኖ የሚሄዱበት መኪና የሚቆምበት ድረስ ተሸክሜላት ሄድኩ። ቀላል ነበር። ቀላልነቱን አሁንም አልወደድኩትም፤ አልነገርኳትም።