ጉድጓድ ውስጥ ያለው አባቴ

ከጨንቻ የወጣሁ ሌሊት አባቴ አልተኛም። ገና ሸምኖ የጨረሰውን ቡልኮ ትከሻዬ ላይ ደርቦ፣ «እዚያ ብርድ ነው አሉ» አለኝ። የጨንቻን ጭጋግ ለብሶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ይመከራል? ሳቅሁበት። ጀርመን ስገባ ሳቄ አለቀ። እዚህ ብርዱ የአየሩ ብቻ አይደለም፤ ደረጃ ላይ የምታገኘው ጎረቤትህ እንኳ ደህና አደርክ አይልህም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሕልም የምትፈታ ዶክተር ዘንድ ላኩኝ። እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ የሚፈቱትን እዚህ በቀጠሮ ነው! አስተርጓሚዋ ሽቶዋ ቀድሟት የምትገባ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ዶክተሯ የአባቴን ሥራ ስትጠይቅ፣ ልጅቷ ጥያቄውን በአማርኛ አቀብላኝ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። እዚያው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አጎቴ ዘንድ ሳለሁ «አንተ ሸማኔ!» እየተባልኩ የተሰደብኩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ሴቻ ከተማ፣ ዞን ቢሮ ነው የሚሠራው» ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ ሕልሜን ነገርኳቸው። አባቴ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እግሩ አይታይም፤ እጁ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ይጠራኛል።

ዶክተሯ ደስ አላት። «ጉድጓዱ ሲምቦል ነው፤ ድብቁ አእምሮህ ነው። አባትህን በቁሙ እየቀበርከው ነው!»

ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ እንደሚሠራ ማን ይንገራት? አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን አስተርጓሚዋን አየሁና «ይሆናል» አልኩ።

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው የገባኝ፤ ሴትዮዋ ሳታውቅ ልክ ብላለች። አባቴን እዚያ ክፍል ውስጥ በቁሙ ቀብሬው ወጣሁ። ያን ቀን እንዳፈርኩ ዕድሜ ልኬን አፍሬ አላውቅም።

እሁድ ደወልኩለት። ስልኩን ሲያነሣ የሽመና መወርወሪያው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ እንቅልፍ መጣልህ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። በሕልሜ አየሁህ።»

«እሰይ!» አለ፤ ሳቁ ተሰማኝ። «ምን ስሠራ አየኸኝ?»

ቡልኮውን እስከ አገጬ ሳብኩት። ክፍሉ ውስጥ አስተርጓሚ የለም፣ ዶክተር የለም፤ እኔና እሱ ብቻ ነን።

«ሃሎ?» አለ አባቴ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት። «ምን ስሠራ ነው ያየኸኝ፣ ልጄ?»