እስኪመሽ ብቻ

ትናንት ሱሉልታ ደርሼ ስመለስ የጥቁር ሹራቤ እጅጌ ቢጫ ብናኝ ለብሶ አገኘሁት። አሸተትኩት፤ መጭ ነው። ያ መረር ያለ፣ ፀሐይ የመታው ሣር የመሰለ ሽታው ስንት ዓመት አልፎም አልጠፋኝም። ይኸው ስነግርህ ደሜ ይፈላል።

ከሱሉልታው ቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ በመጭ አበባ ቢጫ ይሆን ነበር። ማንም አይዘራውም፤ እንደ አደይ አበባ ራሱ ይበቅላል። ገበሬው አረም ይለዋል፣ አባዬ ግን "የንቦቼ ጤፍ" ነበር የሚለው። ቀፎዎቹን ሜዳው ዳር አስቀምጦ፣ ፀሐይ ጤዛውን ስታነሣ ንቦቹ ሲወጡ ቆሞ ያያል። ያኔ ሜዳው ራሱ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር።

የረብሻው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ እኔ ቤት ውያለሁ፤ ከአስፋልቱ በኩል የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። መሬታችንን ለከተማው ይወስዳል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ስለተነገረ አባዬ ልቡ አርፎ ነበር። መሬቱን ተረክበናል የሚሉ ሰዎች ግን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዶዘር ይዘው መጡ። አለቃቸው አንድ ጎረምሳ ነው።

"ይኼ ባዶ መሬት ነው። ቀፎህን አንሣ" አለው። ሰፈሩ በሙሉ አንቱ የሚለውን ሰው፣ አንተ!

አባዬ አልተቆጣም። "ጌታዬ፣ ቀፎውን አሁን ባነሣው ንቦቹ አበባ ላይ ናቸው። እስኪመሽ ብቻ ታገሡኝ፤ ሲመሽ ሁሉም ይገባሉ" አለ። ሲጨንቀው ኦሮምኛው ቀደመው፣ "ገልገላ ቆፋ! ማታ ብቻ!"

"ንብ ከሥራ እስክትወጣ ዶዘር ይቁምልህ?" አለ ጎረምሳው፤ አብረውት የመጡትም ሳቁ። የልጁ እኩያ የሆነውን ጌታዬ ብሎ ለምኖ፣ መልሱ ሳቅ ሆነ። እንዴት ይረሳል?

ቀፎዎቹን በጠራራ ፀሐይ በጎረቤት ጋሪ ጭነን ከወንዙ ማዶ ወሰድናቸው። አመሻሽ ላይ በአበባው የቀሩት ንቦች ተመለሱ። ቀፎ የነበረበትን ቦታ ዞሩት፣ ዞሩት፤ ሲያጡት አዲስ በተተከለው የአጥር እንጨት ላይ ተቆላለፉ። አባዬ ባዶ ቀፎ ይዞ ሊያስገባቸው ቢሄድ "ክልክል ነው" ብለው መለሱት። ጥቅምት ነበርና ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ጠዋት ከእንጨቱ ሥር ረግፈው አገኘናቸው። አባዬ አንድ በአንድ ለቅሞ ባርኔጣው ውስጥ ከተታቸው፤ ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ያን ሁሉ ያጣደፋቸው መሬት ዛሬም በቆርቆሮ እንደታጠረ አለ። አንድ ድንጋይ እንኳ አልተጣለበትም! አባዬ ይህን ሳያይ ሞተ። ትናንት በተቀደደው ቆርቆሮ አጮልቄ ሳይ ውስጡ ቢጫ ሆኗል። እጄን እስከ ትከሻዬ ሰድጄ አንድ አበባ ልቀጥፍ ስል ዘበኛው ጮኸ።

"እህት፣ ባዶ መሬት ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

እጄን መለስኩ። አበባው ላይ የነበረች አንዲት ንብ ተነሥታ ከቆርቆሮው በላይ አለፈች። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። የት ገብታ እንደምታድር እንጃ።