ታዱዬ ለድምጿ የሠራችው ገጽ

ጠዋት ከጀሞ ስወጣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው መልእክቱን ያየሁት። «እማዬ ወደ ጌታ ሄደች» ይላል። የላከችው ሜሮን ናት፣ የታዱዬ ልጅ።

ስልኬን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩት። እንደዛ ሳደርግ ጽሑፉ የሚቀየር መስሎኝ ነው መሰለኝ። መውረጃዬን አልፌ የት ድረስ እንደሄድኩ እንጃ። እስካሁን ሥራ አልገባሁም፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ለማታውቋት፦ ታዱዬ፣ ሙሉ ስሟ ታደለች፣ ፉሪ የምትኖር የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። በቤተክርስቲያኗ ኳየር ውስጥም ትዘምር ነበር። እኔ ያወቅኋት ጀሞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጃቫስክሪፕት የምንማርበት ክፍል ውስጥ ነው። ድረ ገጽ ሲነኩት መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው።

ያ ክፍል አሁን ሳስበው ሕልም ይመስለኛል። ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳዎች ይታያሉ፤ የታጠበ ልብስ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ከታች እየቀጠነ ይመጣል። ፀሐይዋ ኪቦርዱ ላይ ትተኛለች፣ እኛንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ታዱዬ እየጻፈች ታንጎራጉራለች። ማንም ዝም በዪ ብሏት አያውቅም።

የመጀመሪያ ቀን አስተማሪያችን ለምን እንደመጣን ጠየቀን። አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት መሥራት ፈልጓል። እኔ ጎፋ የሕንፃ መሣሪያ መሸጥ ሰልችቶኛል አልኩ። ተራው እሷ ጋ ደረሰ።

«ጉሮሮዬን አሞኛል። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ሊያወጡት ነው፣ ከዚያ በኋላ አልናገርም። ድምፄ ሳይሄድ የማስቀምጥበት ቤት ልሠራ ነው የመጣሁት» አለች።



ያሰበችው ስልኳ ላይ የሚከፈት ገጽ ነው። ገጹ ላይ ቁልፎች ይደረደራሉ፤ አንዱን ስትነካው ራሷ ቀድማ የቀዳችው ድምፅ ይወጣል። አስተማሪው ልጅ ዕንባው መጣ። «እትዬ፣ እኔ ልሥራልዎት፤ ለኔ ቀላል ነው» አላት።

«አንቱታውን ተወው፣ ወንድሜ። አንተ ሠርተህልኝ ቢበላሽ፣ በየት አፌ ነው መጥተህ ጠግንልኝ የምልህ? ራሴ ልወቀው።»

ሳቀች፤ እኛም ፈራ ተባ እያልን ሳቅን።

ቫሪያብል ምን እንደሆነ ለኔ አልገባ ሲለኝ ያስረዳችኝ እሷ ናት። «የልጆቹ ምሳ ዕቃ በለው። ከላይ ስም ተለጥፏል፣ ውስጡ ያለው ግን በየቀኑ ይለያያል።» በቃ፣ ገባኝ። ስክሪኑ ላይ ቀይ የስህተት መልእክት ሲመጣ እኔ ላፕቶፑን መዝጋት ነው የሚያምረኝ። እሷ እጄን ትይዛለች። «ቆይ፣ አትሽሽ። ምን እንደሆነ ራሱ ይነግረናል።» ሁሌም የምትለው ይሄንኑ ነበር።

የመጀመሪያ ቁልፏ ግን እምቢ አላት። ብትነካው፣ ብትነካው ድምፅ የለም። ከሰዓቱን ሙሉ ፈልገን አጣነው። በኋላ አቀርቅራ ስታይ የፋይሉ ስም ላይ አንዷ የእንግሊዝኛ ፊደል ካፒታል ሆና የተጻፈች ናት፤ ለኮምፒውተሩ ያ ሌላ ስም ነው። አስተካከለችና ነካችው።

«ልጆች፣ ተሰለፉ!» አለ ላፕቶፑ በታዱዬ ድምፅ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አንዱ እንደውም ተነስቶ ተሰለፈ።

ድምፁን ስትቀዳ ቤቷ ሄጄ አግዣታለሁ። ምን ምን ይቀዳል? «ውሃ ስጡኝ።» «ደህና ነኝ።» «አሁን አመመኝ።» የሜሮንን ስም ደጋግማ ቀዳችው፤ ስትቆጣት፣ ለምሳ ስትጠራት፣ ከእንቅልፍ ስትቀሰቅሳት። ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የመጨረሻውን ስትቀዳ ታዱዬ ድምጿ ተሰበረ። እንደገና እንቅዳው ወይ ስላት «ተወው፣ እንዲህም እጠራታለሁ» አለችኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ቀን አብረን ከጀሞ ወደ ፉሪ ስንሄድ ታክሲው በሰው ተጣቧል። ታዱዬ ስልኳን ከፍ አደረገች። «ወራጅ አለ!» የሚል ዜማ ያለው ድምፅ ወጣ። ወያላው ዞር ብሎ የሁሉንም አፍ አየ። «ማነው?» እጇን አወጣች። «እንዴ እማማ፣ እንዲህ ያለ ወራጅ ሰምቼ አላውቅም!» አላት። ሳቀች። ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ከወረድን በኋላም መንገዱን ሙሉ እንደዛ እየሳቀች ሄደች።

ትምህርት ቤትም ተመልሳለች። ሕፃናቱ ቁልፉን ለመንካት ይሻሙ ነበር አሉ። ዓመት ከምናምን እንዲህ ኖረች። ከዚያ በሽታው ተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ዝናብ ነው። ሥራዬን ልታይ ፈልጋ ላፕቶፔን አልጋዋ ላይ አስከፈተችኝ። አሁን የምኖረው ለሰው ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። እጽፋለሁ፣ ታያለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ አይቼ አስተካከልኩት። ቀና ስል አንቀላፍታለች። ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ታዱዬ፣ አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ትምህርቱን ልተወው ወስኜ ነበር። ቦርሳዬን አንግቤ በሩ ጋ ደርሻለሁ። አንቺ ከወዲያ «ና እንጂ፣ ወንበር ይዤልሃለሁ» አልሽኝ። አፍሬ መጣሁ፣ ተቀመጥኩ።

ላንቺ ተራ ነገር ነበር፤ ትዝም አይልሽ ይሆናል። ለኔ ግን ዛሬ ያለኝ ሕይወት ከዚያች ወንበር የጀመረ ነው።

አመሰግናለሁ፣ እህቴ። በሰላም ዕረፊ።