ፍሬን የሌላት ካይት

የእርሻ ፕሮጀክቱ ፈረንጅ አሰላን ለቆ ሲሄድ ለዘበኛው ቦት ጫማውን፣ ለሾፌሩ ራዲዮኑን፣ ለእኔ ለጋራዡ ረዳት ደግሞ በነፋስ የምትበር የጨርቅ ካይቱን ሰጠኝ። ልጆች ከላስቲክና ከሸምበቆ የሚሠሯት ዓይነት አይደለችም። ሁለት ገመድ አላት፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጅህ ትይዛለህ። ቀኙን ስትስብ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ስበህ ከቆየህ እየተገለባበጠች ትዞራለች። የጭላሎ ነፋስ ደግሞ የዋዛ አይደለም፣ ጢም ይላጫል። የመጀመሪያ ቀን ሳጉሬ ድረስ ጎትታኛለች ብል ግማሹን እመኑኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር «ይሄ ጨርቅ ማንን ነው የሚሰልለው?» ሲለኝ፣ «ነፋሱን ነው፣ ጓድ» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

መታጠፉና መዞሩ ቶሎ ገባኝ። ያቃተኝ ከሰማይ ቁልቁል ተወርውራ መሬት ልትነካ ስትል ቀጥ አድርጎ ማቆሙ ነበር። ያደግኩት ያባቴን ጋሪ እየነዳሁ ነው፤ የጋሪ ሰው ማቆም ሲፈልግ ሁለቱንም ዛብ ወደ ደረቱ ይስባል። ካይቷን እንዲያ ሳደርጋት ጭራሽ ይብስባታል።

ያን ሰሞን አንዲት ልጅ ላገባ ሽማግሌ ልኬ ነበር። የልጅቷ አባት «አስበንበት መልስ እንሰጣለን» ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋል። አንድ ቀን መስኩ ላይ ካይቷን ሳበርር ጓደኛዬ «አማትህ መጡ!» አለኝ። የልጅቷ አባት በበቅሎ ከገበያ እየተመለሱ ነው። ችሎታዬን ላሳያቸው ብዬ ከላያቸው ቁልቁል ለቀቅኋት። ወዲያው ደነገጥኩና ሁለቱንም ገመድ ደረቴ ላይ ለጥፌ «ቁሚ! ቁሚ!» እላለሁ። እሷ እቴ! ባርኔጣቸውን ይዛ አለፈች። ያቺ በቅሎ ከቀብር ሸኚ ፈጥና አታውቅም፤ የዚያን ቀን ያስነሳችው አቧራ ግን እስካሁን የበረደ አይመስለኝም።

«በቃ፣ ሌላ ልጅ ፈልግ» አለኝ ጓደኛዬ። «ያውም በሌላ አውራጃ።»

በቀጠሮው ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበረው አጎቴ ፊቱን ቋጥሮ ወጣ።

«ከለከሉ?»

«አልከለከሉም። ‹ማቆም የማይችለውን ነገር ሰው ላይ የሚለቅ ጎረምሳ ቤት ልጄን አልሰድም። ማቆም ተምሮ፣ እሁድ መጥቶ ያሳየኝ› ነው ያሉት። አንተ ቀልደኛ፣ በዚህ ሽበቴ ለጨርቅ አማላጅ አደረግኸኝ!»

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ መስኩ ላይ ነበርኩ። ካይቷ መሬቱን ከማረሻ ይበልጥ ገለበጠችው። ጓደኛዬ «አትጎትታት፣ ፈረስ መሰለችህ?» እያለ ይጮኻል። ቅዳሜ ዕለት እንዲሁ ቁልቁል ስትመጣ የፍልፈል ጉብታ አደናቀፈኝ፤ እጆቼ ወደ ፊት ተወረወሩ፣ ገመዶቹ ላላ አሉ። ቀና ስል ካይቷ አየር ላይ ቀጥ ብላለች። ለካ ማቆሚያዋ መሳብ ሳይሆን ማላላት ኖሯል!

እሁድ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ከልጅቷ አባት ቤት ጓሮ ያለው መስክ ላይ ተሰበሰብን። በቅሎዋን ራቅ አድርገው አስረዋታል። ካይቷን ቁልቁል ስለቃት እጆቼ ወደ ደረቴ ካልሄድን ብለው ታገሉኝ። እንደምንም ወደ ፊት ወረወርኳቸውና አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ከሣሩ በላይ ቀጥ አለች፤ ወዝወዝ ብላ እንደ ዶሮ ቁጭ።

ሰውዬው ቀረብ ብለው በከዘራቸው ነካ አደረጓት።

«ሞተች እንዴ?»

«የለም አባባ፣ አርፋ ነው።»

«እስቲ ድገማት።»

ደገምኳት። ካይቷን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «በሉ ግቡ፣ ምሳ ቀርቧል» አሉ።

ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። አጎቴ «ተመስገን!» ብሎ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። እኔ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ፤ ጓደኛዬ ገመዱ ላይ የደረቁትን ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቅቃል። ሳምንቱን ሙሉ አፍኜው የከረምኩትን ትንፋሽ ስለቀው፣ ሁሩታ ላይ ገብስ የሚያበራዩ ገበሬዎች «ነፋስ መጣ!» ብለው መንሽ ሳያነሱ አልቀሩም።