በየኔታ ጆሮ ላይ የዋሸሁት

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ጀምሬው ወደ ሌላ ኃጢአት ዞሬአለሁ! ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናዘዘው።

ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ መዝሙር እቀዳለሁ። የኔታ በልጅነቴ ደብረ ወርቅ ከተማ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል መጥተው መዝሙራቸውን ቀዳሁላቸው። የቀረው ማስተሪንጉ፣ ድምፁን አመጣጥኖ ለአድማጭ ማሰናዳቱ ነበር። «አዲስ አበባ በገና ለሚያውቅ ባለሙያ እልከዋለሁ» አልኳቸው። አልላክሁም። ራሴ ቁጭ ብዬ እንዳልሠራውም ሰነፍኩ። ኢንተርኔት ላይ በራሱ ለሚሠራ ፕሮግራም ሰጠሁት፤ ሻዬን ሳልጨርስ አጥርቶ መለሰልኝ።

አጥርቶ! በገና በየጅማቱ ሥር እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፕሮግራሙ እንከን መስሎት ጠርጎ አወጣው። እኔ ሰምቻለሁ። ሰምቼ እንዳለ ሰጠኋቸው።

የኔታ በተማሪዎቻቸው ፊት አዳምጠው አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ድምፁስ የኔ ነው። በገናው ግን አያለቅስም፤ እንዚራውን ምን ዋጠው?»

እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? «ትልቅ ባለሙያ ነው የሠራው የኔታ» አልኩ። «ጆሮዎ ደክሞ እንዳይሆን?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም፤ አስቤ ነው የተናገርኩት።

«ይሆናል ልጄ፤ እርጅና መቼ ተናግሮ ይመጣል» አሉ። አመኑኝ።

በዚያ ሁዳዴ በገና አልያዙም። ተማሪዎቻቸውንም «የማይሰማ አያስተምርም» ብለው ወደ ሌላ መምህር ሰደዱ። የበተንኳቸው እኔ ነኝ።

በኋላ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ ሳል ያዘኝ። «ታደለ፣ ግባ እንጂ! ምን አቆመህ?» አሉ፤ አልጋ ላይ ሆነው፣ በሩም ተዘግቶ፣ በሳሌ ለዩኝ። ጆሮዎ ደህና ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ስለ ዝናቡ አወራን። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ከቀብራቸው በኋላ የመጀመሪያውን ቅጂ አውጥቼ፣ ቤቴ ተቀምጬ በገዛ እጄ ሠራሁት፤ ንዝረቱን እንዳለ ትቼ። የሰማው ሁሉ ያለቅሳል፤ እኔንም ያመሰግናል። ምስጋናውንም እቀበላለሁ፤ ይኼም አለብኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የገዛ ጆሯቸው የከዳቸው መስሏቸው ሞቱ።