ፈተናው እስኪያልቅ

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሲሚንቶው ላይ የእህል ጆንያ ተደርድሮ የኖረበት ምልክት ነበር። እስረኛ የሚታጎርበት መጋዘን ነው። ኮምቦልቻ ዳር፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት ዙሪያውን ተትቷል። ቀን ቀን ብርሃን በዚያ ይገባል። ከውጭ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ መኪናው ግን አይታይም።

የያዙኝ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ከቱቶሪያል እየተመለስኩ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ አልኳቸው። «ይጣራል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሰማሁት መልስ ይኸው አንድ ቃል ነው።

ልጽፍ የፈለግሁት ግን ስለ አንድ ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። ያን ጠዋት ወንድሜ ከሞተ አንድ ቀን ሆኖታል። ተቀብሯልም። በመጋዘኑ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ከተወለድንበት ከኩታበር ወጥቶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ነው። «አንተ እንድትማር ብዬ ነው» ብሎ ግን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። በየሁለት ቀኑ ምግብ ይዞልኝ አጥሩ ድረስ ይመጣል። ማክሰኞ ሲመጣ ስለ ፈተናው ነገርኩት።

የካልኩለስ መምህራችን ጥብቅ ናቸው። በየሳምንቱ ወርክሺት ይሰጣሉ። የተሳሳትነውን ማጥፋት አይፈቅዱም፤ በአንድ መስመር ሰርዘን ከጎኑ እንደገና መሥራት አለብን። የተቀዳ ሥራ ካገኙ ለሰጪውም ለተቀባዩም ዜሮ ነው። ከሠላሳ የሚታረመው ፈተና ሐሙስ ነበር። እሱን ያልተፈተነ ውጤቱ አይሞላም፤ ውጤቱ ያልሞላ ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና አይቀርብም። ይህን ሁሉ በአጥሩ በኩል ቶሎ ቶሎ ነገርኩት።

«ዓመቱ ሊበላብኝ ነው» አልኩት።

«ማን አባቱ ነው የሚበላው? እኔ እያለሁ?» ሳቀ። «ነገ ደሴ ወጥቼ መምህሩን አናግራቸዋለሁ። አንተ ብቻ አጥና።»

«በምን ደብተር?»

«በጭንቅላትህ ነዋ! ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ስታደርግበት ኖርክ?»

ጠባቂው «በቃ!» አለ። ወንድሜ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሰኞ ገበያ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ዳቦ ይዘዋል።

«ብላ።»

«ኋላ እበላለሁ ሐጂ።»

«ወላሂ ሳትበላ ከዚህ አልነሳም።»

በላሁ። እስክጨርስ ድረስ አፌን ሲያዩ ነበር። ማዶ የሚተኛ አንድ የፋብሪካ መካኒክ አለ። በገባሁ ቀን «ፕሮፌሰር» የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። በየጠዋቱ «ፕሮፌሰር፣ በሩን የሚከፍተው ፎርሙላ ዛሬም አልተገኘም?» ይለኛል። ያን ጠዋት ግን «እንዴት አደርክ» ብቻ አለኝና ዞረ። ምርመራ ጠርተውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ስሜን ጠራ። የሚገርመው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ እጁ ላይ ወረቀት ይዟል።

«መምህርህ በር ላይ ናቸው። መግባት አልተፈቀደላቸውም። ፈተናውን ላኩልህ» አለ። ከዚያ ትንሽ እንደ ማፈር ብሎ «የተሰጠህ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ፈታኙ እኔ ነኝ» አለ። ወደ ሌሎቹም ዞሮ «መነጋገር ክልክል ነው!» አላቸው።

ማንም አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን መካኒኩ ይህን ነገር ለአንድ ሳምንት ይስቅበት ነበር። ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ለቀቁልኝ። ጄሪካን ገልብጠው ካርቶን አደረጉበትና ጠረጴዛ ሆነልኝ። ያ ሁሉ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ዝም አለ። ሲያስሉ እንኳ አፋቸውን በጋቢ ይይዙ ነበር።

ወንድሜ አደረገው፣ አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አራት ጥያቄዎች ሠራሁ። ሁለት ቦታ ተሳስቼ ሰረዝኩ። አምስተኛው በኮን ቅርጽ ስለተሠራ የውሃ ታንከር ነበር። ውሃው በዚህ ያህል ፍጥነት ሲገባ ከፍታው በምን ፍጥነት ይጨምራል ይላል። ሥዕሉን ሣልኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ።

መካኒኩ ቀስ ብሎ ተጠጋኝ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ሬዲየሱን በከፍታው ተካው» አለ።

ጠባቂውን አየሁት። ሰምቷል። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ተናደድኩ። «ተወኝ! ዜሮ ልታሰጠኝ ነው?»

«እሺ። እሺ ወንድሜ።»

ፕሮፌሰር አላለኝም። ዓይኑ ቀልቷል። ከነገረኝ በኋላ ጥያቄው ተገልጦልኝ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ እጨርሰው ነበር። ግን የኔ አይደለም። ሥዕሉን ብቻ ትቼ ወረቀቱን ለጠባቂው ሰጠሁት።

ጠባቂው እንደወጣ ሐጂ «ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። እጄን ያዙኝ።

«ትናንት ወንድምህ ከደሴ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ተገለበጠ። አላህ ወሰደው። ትናንትናውኑ ኩታበር አፈር አልብሰውታል። ኢና ሊላሂ በል፣ ልጄ።»

አላልኩም። «መቼ ነው ያወቃችሁት?» አልኩ።

«ማለዳ። መምህርህ ለጠባቂው ነገሩት፤ እሱ ለኔ። ተማከርን። ልጁ ፈተናውን ሳይጨርስ አይረዳ አልን። በደልንህ?»

በኛ አገር መርዶ የሰማ ሰው እየጮኸ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጎረቤት ሮጦ ይይዘዋል። ተነሣሁ። እስከ ግድግዳው ሄድኩ። ሌላ የሚኬድበት የለም። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ መካኒኩ አቀፈኝና ተቀመጥን። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። መካኒኩ ክርስቲያን ነው፤ እሱም «አሜን» ይል ነበር።

ጠባቂው ተመልሶ መጣ። ወረቀቱን እንደያዘ ነው።

«መምህርህ ገና አልሄዱም። ከፈለገ ሌላ ቀን ይፈተን ብለዋል። ወይም ይቺን የቀረችውን አሁን ሙላት፤ እጠብቅሃለሁ።»

«እንዳለ ይታረም በላቸው።»

«ባዶ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተለቀቅኩ። የተጣራው ነገር ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ትምህርት ቤት ስሄድ ውጤቴ ከሠላሳ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ለሐዘኔ ተብሎ የተጨመረ ነጥብ አላየሁበትም። መምህሩን አመሰገንኳቸው። ወንድሜን እሺ ስላሉት አመሰገንኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ አላልኩትም» አሉኝ። «እረቡ ዕለት ክፍለ ጊዜዬ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ደንቡ አይፈቅድም አልኩት። ሁለት ጊዜ ለመነኝ። ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩት። ማታ መሞቱን ስሰማ ነው ፈተናውን ይዤ የመጣሁት» አሉኝ። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ እሱ ተከራይቶት በነበረው ክፍል። ደሴ ለመውጣት በሐረጎ ማለፍ ግድ ነው። ባለፍኩ ቁጥር፣ ያን ቀን ሲወርድ ምን ብሎ ሊነግረኝ አስቦ ይሆን እላለሁ። እምቢ አሉኝ ሊለኝ ነበር? ወይስ አንድ ቀልድ አዘጋጅቶ ነበር? አላውቅም።

እናቴ ስትጠይቀኝ፣ መምህሩ ወዲያው እሺ አሉት፣ ደስ ብሎት ነው የወረደው አልኳት። እሷም ለመጣ ሁሉ እንደዚያ እያለች ትናገራለች። አጠገቧ ከሆንኩ፣ አዎ እላለሁ።