ተስፋዬ ሆኪ ተጫውቶ አያውቅም

ሎስ አንጀለስ በረዶ አታውቅም፣ ሐበሻም ከበረዶ ጋር ዝምድና የለውም ይባላል። ሁለቱም ውሸት ነው። እኔ በረዶን በጠረኑ አውቀዋለሁ፤ እርጥብ ጎማና በላብ የራሰ ጓንት ይሸታል። ልጅ ሳለሁ ይህ ሽታ ከአባቴ ታክሲ አይጠፋም ነበር፣ ተሳፋሪዎችም ሻንጣቸውን ሲጭኑ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። ባለፈው ወር ፌርፋክስ አጠገብ እህቴ ቤት አንድ አሮጌ ሻንጣ ሲከፈት መልሶ መጣብኝ፤ ንዴቴንም ይዞ መጣ።

እህቴ አልማዝ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። መስከረም ጠብቶ ከተማችን ገና በሙቀት ስትነድ፣ አባታችን ከበርባንክ አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ ከተማ ወስዶ በታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን አስመዘገባት። ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ እንደ አገሩ ደንብ የራሱን ጻፈ፤ ማልያው ጀርባ ላይ የሚሰፋውም እሱ ሆነ። መርፌ የያዘችው እናታችን ግን አልተዋጠላትም።

«የምትጫወተው እሷ፣ የሚጻፈው አንተ?»

«እዚህ አገር እንደዚያ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«ይሁና! ስትወድቅም አንተ ውደቅላት እንግዲህ።»

እያጉረመረመች «ተስፋዬ»ን ሰፋች፤ አንገትጌው ውስጥ ግን በቀይ ክር፣ በአማርኛ፣ «አልማዝ» ብላ ጻፈች።

ከጥር እስከ የካቲት በየቅዳሜው ለግጥሚያ እንሄድ ነበር። አሠልጣኙ «ተስፋዬ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር አባታችን ከአግዳሚው ብድግ ብሎ «አቤት!» ይል ነበር፣ ወላጆቹም በሳቅ ይፈነዱ ነበር፤ አልማዝ ደግሞ ከፊት መከለያዋ ጀርባ ሆና «አባዬ፣ በናትህ ተቀመጥ!» ትል ነበር። በረኛ ነበረች። ሐምሌ ሲመጣ፣ ሌላው ልጅ ባሕር ዳርቻ ሲንጋለል፣ ሚድ ሲቲ ከነበረው አፓርታማችን ጀርባ እኔ የቴኒስ ኳስ እመታባት ነበር፣ እሷም ታድን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ቡድኑ ዋንጫ አነሣ፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያዳነችው እሷ ናት።

አሁን ከስንት ዓመት በኋላ ያቺ ከተማ የታዳጊ ቡድኖቿን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች። ከዋንጫው ፎቶ ሥር «ጀግናው በረኛ ተስፋዬ» ይላል። ጸሐፊው ማልያውን አይቶ፣ ስሙን መርምሮ፣ የወንድ መሆኑን ደርሶበታል። ምርምር እንዲህ ነው! ደውዬ ብነግራቸው፣ ትሕትናን የተለማመደ አንድ ድምፅ «ሰነዱ ላይ ያለው እሱ ነው» አለኝ። የእኛዎቹስ ይሻሉ ይሆን? ፌርፋክስ ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች «የእኛ ልጅ አለበት» ብለው መጽሐፉን መደርደሪያቸው ላይ አቁመውታል፤ ልጁ ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። አንዱ አስተናጋጅማ አባቴን «ጋሼ፣ በረኛ ነበሩ እንዴ? ይሄን ሁሉ ዘመን ደብቀውን!» ብሎ ቀለደበት።

አባቴ አልሳቀም። «የልጄን ስም የወሰድኩባት እኔ ነኝ» አለ።

ከሁሉ የከፋው የአልማዝ ልጅ የሣራ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እሷም ሆኪ ጀምራለች። መጽሐፉን ይዛ መጥታ «ማሚ፣ እዚህ ‹ሂ› ይላል እኮ። ሶ፣ አንቺ አይደለሽም» አለቻት። አልማዝ ያን አሮጌ ሻንጣ ከፍታ ማልያውን አወጣችና አንገትጌውን ገለበጠችው። ሣራ ሰንበት ትምህርት ቤት የቀሰመቻቸውን ፊደሎች በጣቷ እየተከተለች «አ... ል... ማ... ዝ» ብላ አነበበች፣ ቀና ብላም እናቷን አየቻት።

ያን ጊዜ እህቴን የሸፈናት አንድ ማልያ ነበር፤ እሱንም እናታችን በመርፌዋ ተከራክራዋለች። ዛሬ የሸፈናት መጽሐፍ ነው፣ መጽሐፍ ደግሞ አንገትጌ የለውም።

ስለዚህ መጽሐፉ ያላችሁ ሰዎች፣ የዋንጫውን ፎቶ አውጡ፤ «ተስፋዬ» የሚለውን ሰርዙና «አልማዝ» ብላችሁ ጻፉ። በእስክርቢቶ፣ ዛሬውኑ።